ሻምፒዮኖች ሲያረጁ ቀድሞ የሚከዳቸው ጉልበታቸው ነው ወይስ ልባቸው?

አቤል ከ22 ማዞሪያ

ሰላም ለሁላችሁ። ቦክስ ከልባችሁ የምትከታተሉ ሰዎች፣ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ አስባችሁበት መልሱልኝ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

ሰሞኑን የቀድሞውን የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የዲዮንቴይ ዋይልደርን የኋለኞቹን ፍልሚያዎች ደጋግሜ እያየሁ ነው። ዲሴምበር 2023 ሪያድ ላይ ጆሴፍ ፓርከርን ሲገጥም 43 ድል ነበረው፣ ከነዚያ ውስጥ 42ቱ በዝረራ። ቀኝ እጁ ካረፈ አለቀ ማለት ነው። ያን ቀን ግን 12 ዙር ሙሉ ቀኝ እጁን ደግኖ ቆሞ ዋለ። ክፍተቱን ያየዋል። ትከሻው ይነቃነቃል፣ እግሩ አንድ እርምጃ ይገባል፣ እጁ ግን አይወጣም። ፓርከር ነጥቡን ለቃቅሞ ሄደ። ጁን 2024 እዚያው ሪያድ ከቻይናዊው ዣንግ ዢሌይ ጋር ሲገናኝም ያው ነበር፣ አምስተኛው ዙር ላይ ተዘረረ።

ሰው ሁሉ "አርጅቷል" ብሎ ያልፈዋል። 38 ዓመቱ ነበር፣ እሺ። እኔን ያስጨነቀኝ ግን የፍጥነቱ መቀነስ አይደለም። መምታት የማይፈልግ ሰው ነው የመሰለኝ። ፈሪ እንዳንለው ደግሞ ኦክቶበር 2021 ከታይሰን ፊዩሪ ጋር ለሦስተኛ ጊዜ ሲጋጠሙ እየወደቀ እየተነሳ እስከ 11ኛው ዙር የተፋለመ ሰው ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ምን ሆነ?

እና ጥያቄዬ ይሄ ነው። አካላቸው ስለደከመ ነው ፍላጎታቸው የሚጠፋው ወይስ ፍላጎታቸው ስለጠፋ ነው እኛ ደከሙ የምንለው? የማይክ ታይሰንና የዩቲዩበሩ ጄክ ፖልን የ2024 ፍልሚያ እንዳታነሱብኝ ብቻ። እዚህ ስንቱ ሰው ቅዳሜ ጠዋት ተነስቶ በስልኩ ያየው ነው፣ 58 ዓመት የሞላው ታይሰን በ8 ዙር 97 ቡጢ ብቻ ቢወረውር የሚደንቅ ነገር የለውም።

---

ሳምሶን ኮርነር

አቤል ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ በልጅነቴ ክለብ ገብቼ ተጫውቻለሁ፣ አሁን ደግሞ ሰፈር ውስጥ ልጆች አሰለጥናለሁ። ስለዚህ ከውስጥ በኩል ያለውን ልንገርህ።

ቡጢ ስትወረውር ራስህን ትከፍታለህ። ቀኝህን ስትለቅ አገጭህ በዚያ በኩል ጠባቂ የለውም። ወጣት ሆነህ ይህን አታስበውም። አሰልጣኝህ ቢጮህም አይገባህም፣ አንድ ብመታ ሁለት መልሼ እሰጠዋለሁ ነው ሐሳብህ። ሲቆይ ግን ሰውነትህ ሂሳብ መስራት ይጀምራል። ይሄን ብወረውር ምን ይመጣብኛል? ይህቺ ሐሳብ ሽራፊ ሰከንድ ናት፣ ግን ክፍተቱ የሚዘጋው በዚያች ውስጥ ነው። ዋይልደር ላይ ያየኸው ይሄ ነው። ዓይኑ አልደከመም። አዕምሮው ዋጋ መተመን ጀመረ።

ፍላጎት የሚጠፋው ግን ሪንግ ላይ አይደለም። ከዚያ ብዙ ወራት በፊት ነው፣ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ፣ ብርድ ላይ፣ ለሩጫ መነሳት ሲያቅት። ማርቪን ሃግለር የሐር ፒጃማ ለብሶ የሚተኛ ሰው በዚያ ሰዓት ተነስቶ መሮጥ ይከብደዋል ብሎ ነበር። ይህን የተናገረው ማን እንደሆነ አስቡት። ሃግለር ማለት ለፍልሚያ ሲዘጋጅ ማሳቹሴትስ ውስጥ ፕሮቪንስታውን የምትባል የባህር ዳር ከተማ የሚገባ፣ እንግዳ ሁሉ ጠፍቶ ቀዝቃዛ ነፋስ ብቻ በቀረበት ወቅት በወታደር ቦት ጫማ አሸዋው ላይ የሚሮጥ ሰው ነው። ልምምዱን ራሱ እስር ቤት ነበር የሚለው። ለንደን ላይ አለን ሚንተርን አሸንፎ በ1980 የመካከለኛ ሚዛን ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ ቀበቶውን 12 ጊዜ አስከብሯል።

ከዚያስ? ማርች 1986 ዩጋንዳዊውን ጆን ሙጋቢን ገጠመ። በ11ኛው ዙር አሸነፈ፣ ግን ብዙ ተመታ፣ ከባድ ምሽት ነበር። ሪንጉ ዳር ቁጭ ብሎ ያይ የነበረው ሹገር ሬይ ሊዮናርድ ነው። የሃግለርን መዘግየት ያኔ አየና ከጡረታ ልመለስ አለ። ኤፕሪል 1987 ተጋጠሙ፣ ሊዮናርድ በተከፋፈለ የዳኞች ድምፅ አሸነፈ። ዛሬም ሰው ይጣላበታል፣ እኔ ራሴ ለሃግለር ነው የምሰጠው። ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች ተመልከቱ። ያ ጨካኝ ግራኝ ቀኝ ሰው ሆኖ ቆመ፣ ጠበቀ፣ ዙሮቹን ዝም ብሎ ለቀቀ። የ1980ው ሃግለር ከደወሉ ጀምሮ ነበር የሚያባርርህ።

---

ጋሽ ታደሰ ካዛንቺስ

ሳምሶን ልጄ ጥሩ ጽፈሃል፣ ግን ሁሉንም በፍላጎት አትለካው። የእኛ ትውልድ ሙሐመድ አሊን በሬዲዮና በጋዜጣ ተከትሎ ነው ያደገው፣ እና የእሱ ነገር ካንተ አባባል ጋር አይሄድም።

ኦክቶበር 2 ቀን 1980 ላስ ቬጋስ ላይ ላሪ ሆልምስን ሲገጥም አሊ 38 ዓመቱ ነበር። ሆልምስ ድሮ የአሊ የልምምድ ተጋጣሚ ነበር፣ ከእሱ ጋር እየተለማመደ ያደገ ልጅ። አሊ ከስቶ ሲወጣ ሰው የድሮው አሊ ተመለሰ አለ። መልኩ ተመልሷል፣ ሰውነቱ ግን ባዶ ነበር። የታይሮይድ መድኃኒት እየወሰደ እንደነበር በኋላ ተሰማ። አንድም ዙር አላሸነፈም። ሆልምስ ይመታዋል፣ ደግሞ ዳኛውን ያያል፣ አስቁመው እንጂ እንደሚል ሰው።

አሥረኛው ዙር ሲያልቅ ኮርነሩ ውስጥ፣ በዙሮች መካከል በሚያርፍበት ጥግ፣ የሆነውን ፊልሙን አግኝታችሁ እዩት። አሰልጣኙ አንጄሎ ዳንዲ ፍልሚያው በቃ ይላል። ረዳቱ ቡንዲኒ ብራውን ደግሞ የዳንዲን ሹራብ ጨምድዶ ይዞ አንድ ዙር ብቻ ብሎ ይለምናል። ዳንዲ ዋናው የኮርነር ሰው እኔ ነኝ፣ አቁም አለው ዳኛውን። አሊ ግን እዚያው በርጩማው ላይ ቁጭ እንዳለ ነው። አልተዘረረም። አቁሙልኝም አላለም። ሆልምስ ካሸነፈ በኋላ አለቀሰ።

እዚያ ላይ ፍላጎት ጠፍቷል የምትሉኝ ከየት ነው? ሰውየው ከልብ በቀር ምንም የቀረው ነገር አልነበረም። እንዲያውም በሚቀጥለው ዓመት ዲሴምበር ላይ ባሃማስ ሄዶ ከትሬቨር በርቢክ ጋር 10 ዙር ተጫወተ፣ እዚያም ተሸነፈ። በ1984 የፓርኪንሰን ሕመም እንዳለበት ተነገረ። እኔን የሚያንገበግበኝ ልቡ ቀድሞ ባለመድከሙ ነው። ቢደክምለት ኖሮ ማኒላ ላይ ከጆ ፍሬዚየር ጋር ከተፋለመ በኋላ፣ በ1975፣ ያበቃ ነበር።

---

ኪያ

ሁላችሁም ስለ ልብ ትጽፋላችሁ፣ ስለ ገንዘብ የሚያወራ ጠፋ።

ጆ ሉዊስ በ1950 ከጡረታ ለምን ተመለሰ? የአሜሪካ መንግሥት የግብር ዕዳ ስለጫነበት ነው። 37 ዓመቱ፣ ራሱ መላጣ እየሆነ፣ ኦክቶበር 1951 ላይ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ ሮኪ ማርሲያኖ በስምንተኛው ዙር ከገመድ ውጪ አስወጣው። ማርሲያኖ ራሱ አልቅሷል፣ ሉዊስ የልጅነቱ ጀግና ነበር።

ታይሰንም ያው ነው። አቤል የጄክ ፖሉን አታንሱ ስላልክ ልተወው፣ ግን ጁን 2005 ዋሽንግተን ላይ የሆነውን እዩ። ተጋጣሚው ኬቪን ማክብራይድ የሚባል አየርላንዳዊ፣ ግዙፍ ግን ዝነኛ ያልሆነ ሰው። ታይሰን 39 ሊሞላው ቀናት ቀርተውት ነበር። ስድስተኛው ዙር አልቆ ኮርነሩ ገብቶ ተቀመጠ፣ አልተነሳም። በዚያ ሰዓት ከሦስቱ ዳኞች ሁለቱ ለእሱ ነበር የሰጡት! እየመራ ተወው። ከዚያ በኋላ የተናገረው ግልጽ ነው፣ ለዚህ ስፖርት ልብ የለኝም፣ የምጫወተው ዕዳዬን ለመክፈል ነው፣ እንዲህ ባለ ተጋጣሚ እየተሸነፍኩ ስፖርቱን አላዋርድም አለ። በ20 ዓመቱ ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነው ይህን የሚለው።

ስለዚህ አቤል፣ መልሴ አጭር ነው። ፍላጎቱ ይሞታል፣ ዕዳው አይሞትም፣ ሰውየው በመካከል ይመታል።

---

ሄለን (አትላንታ)

ነርስ ነኝ፣ የጭንቅላት ጉዳት ያለባቸውን ታካሚዎች ነው የምከታተለው። ከእናንተ ጋር ቦክስ አልከራከርም፣ ባለቤቴ ነው የሚያየው፣ ግን ማንም ያላነሳው አንድ ነገር አለ።

ፍላጎትም የሚቀመጠው አንጎል ውስጥ ነው። የፊተኛው የአንጎል ክፍል ሲጎዳ ሰው ሁልጊዜ አይንቀጠቀጥም፣ ምላሱም አይተሳሰርም። አንዳንዴ መጀመሪያ የሚታየው ግድየለሽነት ነው። ቤተሰቡ "ሰነፈ"፣ "ተለወጠብን"፣ "ምንም አያስደስተውም" ይላሉ። ተደጋጋሚ ምት የተቀበለ ሰው ላይ ድብርትና ግድየለሽነት ከታወቁት ምልክቶች ውስጥ ናቸው። ሃሪሰን ማርትላንድ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ቦክሰኞች ላይ የሚታየውን የአንጎል ጉዳት የጻፈው በ1928 ነው። መቶ ዓመት ሊሆነው ነው፣ እኛ አሁንም "ረሃቡ ጠፋ" እንላለን።

ጋሼ ታደሰ ስለ አሊ የጻፉት ልቤን ነካው። ይህንንም ልጨምርልዎት። ከሆልምስ ፍልሚያ በፊት አሊ ማዮ ክሊኒክ ተመርምሮ ነበር። አፍንጫውን በጣቱ ለመንካት መቸገሩና ንግግሩ ትንሽ መጎተቱ ሪፖርቱ ላይ ተጽፏል። ላስ ቬጋስ ያለችበት የኔቫዳ ግዛት ግን የመፋለም ፈቃድ ሰጠችው። እኔ ብሆን ያን ወረቀት ይዤ አልተኛም ነበር።

እና አቤል፣ ዋይልደርን አልመረመርኩትም፣ ስለ እሱ ምንም ማለት አልችልም። በጥቅሉ ግን አንድ ቦክሰኛ ድንገት መምታት ሲተው "ልቡ ሸፈተ" ከማለት በፊት ሐኪም ዘንድ ይሂድ ባይ ነኝ። የእኛ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር ይደብቃል፣ በተለይ ወንዶቹ።

---

ያሬድ ለንደን

ሁላችሁም አርጅቶ ልቡ የጠፋውን ብቻ ነው የምታነሱት። እንደገና ያገኙትስ?

ጆርጅ ፎርማን በ1977 ፖርቶ ሪኮ ላይ በጂሚ ያንግ ተሸነፈ፣ እዚያው መልበሻ ክፍል ውስጥ እግዚአብሔርን አገኘሁ ብሎ ወጣ፣ ሰባኪ ሆነ፣ አሥር ዓመት ጓንት አላጠለቀም። ሂውስተን ለከፈተው የወጣቶች ማዕከል ገንዘብ ሲያስፈልገው በ1987 ተመለሰ፣ ወፍሮ ተንዘርፍፎ። ሰው ሳቀበት። ኖቬምበር 5 ቀን 1994 ሻምፒዮኑን ማይክል ሙረርን ሲገጥም 45 ዓመቱ ነበር። የለበሰው ከ20 ዓመት በፊት ዛየር ላይ በአሊ ሲሸነፍ የለበሰውን ያንኑ ቀይ ቁምጣ ነው። ዘጠኝ ዙር ሙሉ በነጥብ ተመራ። አሥረኛው ላይ አንድ አጭር ቀኝ ለቀቀ፣ ሙረር ወደቀ፣ አልተነሳም፤ ፎርማን በዕድሜ ትልቁ ሻምፒዮን ሆነ።

በርናርድ ሆፕኪንስ ደግሞ በ46 ዓመቱ ሞንትሪያል ላይ ዣን ፓስካልን አሸንፎ የፎርማንን የዕድሜ ሪከርድ ሰበረ፣ በ49 ዓመቱ ጭራሽ ሌላ ቀበቶ ጨመረ። በወጣትነቱ አምስት ዓመት ገደማ እስር ቤት የቆየ ሰው ነው። አይጠጣም፣ ከፍልሚያ ውጪም ክብደቱን አይለቅም። ሳምሶን የሐር ፒጃማ አልክ፣ ሆፕኪንስ ያን ፒጃማ ጭራሽ አልለበሰውም።

በጣም የሚገርመኝ ግን ቭላድሚር ክሊችኮ ነው። ኖቬምበር 2015 ዱሰልዶርፍ ላይ በፊዩሪ ሲሸነፍ 12 ዙር ሙሉ 231 ቡጢ ወርውሮ ያሳረፈው 52 ብቻ ነው። ልክ እንደ ዋይልደር፣ እጁ ታሰረ። 39 ዓመቱ፣ ከአሥር ዓመት በላይ አልተሸነፈም፣ አሰልጣኙ ኢማኑኤል ስቱዋርድ በ2012 ሞቶበታል። ሁላችንም አለቀለት አልን። ኤፕሪል 2017 ዌምብሌይ ላይ 90 ሺህ ሰው ፊት አንቶኒ ጆሹዋን ሲገጥም 41 ዓመቱ ነበር። አምስተኛው ላይ ወደቀ፣ ተነሳ፣ ስድስተኛው ላይ ጆሹዋን ራሱን መሬት ላይ ዘረጋው። 11ኛው ላይ ዳኛው አስቆመው። ተሸነፈ፣ ግን እንደዚያ ቀን ሲፋለም አይቼው አላውቅም። ዕድሜ ቢሆን ኖሮ በ41 ከ39 ይብስ ነበር። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው።

---

ኪያ

ያሬድ፣ ያልካቸው ሦስት ሰዎች ናቸው። የወደቁትን እንቁጠር ብንል ይመሻል።

የኛ ኃይሌም በኖቬምበር 2010 ኒው ዮርክ ማራቶንን በጉልበት ሕመም አቋርጦ እዚያው ሩጫ አቆምኩ አለ፣ በቀናት ውስጥ ሐሳቡን ቀየረ። ሯጭ ቢሳሳት መንገድ ዳር ይቆማል። ቦክሰኛ ፍላጎቱ ግማሽ ሆኖ ከገባ ግን የሚቀበለው ምት ግማሽ አይሆንለትም።

---

አቤል ከ22 ማዞሪያ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በተለይ ሄለን፣ ያልሽው ነገር ሌሊቱን ሲያብሰለስለኝ አደረ። ጋሼ ታደሰ፣ የኮርነሩን ፊልም አየሁት። ቡንዲኒ ሹራቡን ሲጎትት ያለው ጊዜ በጣም አጭር ነው ግን ከፍልሚያው ሁሉ የሚከብደው እሱ ነው።

አሁን ሳምሶንን አንድ ነገር ልጠይቅ። ከውጪ ያለን ሰዎች ይህን የምናውቀው ከሽንፈቱ በኋላ ነው። አሰልጣኝ ቀድሞ የሚያይበት መንገድ አለ? ምን ታያለህ?

---

ሳምሶን ኮርነር

አለ። አንደኛው ክብደት ነው፣ ግን ሚዛን ላይ የሚወጣው አይደለም፣ ከፍልሚያ እስከ ፍልሚያ መካከል ያለው። ልጁ ልምምድ ሲጀምር የሚያወርደው ኪሎ በየጊዜው ከጨመረ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ስብ ሲያቀልጥ ነው የሚያሳልፈው፣ ቡጢ አይማርም። ሌኖክስ ልዊስን አስታውሱ። በ2001 ደቡብ አፍሪካ ላይ ሃሲም ራህማን የዘረረው ከዝግጅቱ ላይ ጊዜ ወስዶ ሆሊውድ ፊልም ሲሰራ ከቆየ በኋላ ነው። በመልሱ ኖቬምበር ላይ አራተኛው ዙር ላይ ቀበቶውን አስመለሰ፣ ያኔ ተናዶ ነበርና። ጁን 2003 የቭላድሚርን ወንድም ቪታሊ ክሊችኮን ሲገጥም ግን ከዚያ በፊት መዝኖ የማያውቀውን ያህል መዘነ፣ ከ116 ኪሎ በላይ። በነጥብ እየተመራ ሳለ ቪታሊ ዓይኑ ላይ ተቀዶ ሐኪም አስቆመው። ሰው ሁሉ የመልስ ፍልሚያ ፈለገ። ብዙ ገንዘብ ነበረው። ልዊስ ፌብሩዋሪ 2004 አቆምኩ አለ። ራሱን በደንብ ያወቀ ሰው ነው።

ሁለተኛው የልምምድ ተጋጣሚ ምርጫ ነው። ለእኔ ከሁሉም በላይ የሚናገረው ይሄ ነው። ሻምፒዮኑ ጠንካራ ልጆችን እየቀነሰ፣ የሚያውቃቸውንና የማይመቱትን እየጠራ ሲመጣ አሰልጣኙ ያውቃል። የሚናገር አሰልጣኝ ግን ጥቂት ነው፣ ቤተሰቡን የሚያስተዳድረው በሻምፒዮኑ ነውና። ሄለን ያልሽውን ደግሞ ከአሁን በኋላ እጨምርበታለሁ። እኔ ጋ ያሉት ገና ልጆች ናቸው፣ ግን ምት የበዛበትን ልጅ ልምምድ አስቁሜ ወላጁን የምጠራው ለዚህ ነው።

ሦስተኛውን ራሳቸው ናቸው የሚነግሩህ፣ የምትሰማቸው ከሆነ። አንድሬ ዋርድ በ2017 በ33 ዓመቱ 32 ፍልሚያ አሸንፎ አንድም ሳይሸነፍ ሲያቆም አካሌ ይህን ልፋት ስለማይችል የመፋለም ፍላጎቱም የለኝም አለ። አየህ አቤል፣ ያንተን ጥያቄ መልሶልሃል፣ ቢያንስ ለራሱ። አካሉ ቀደመ፣ ፍላጎቱ ተከተለ። በሃግለር ግን የተገላቢጦሽ ይመስለኛል፣ እሱ በ1987 አካሉ ገና ነበረው። ጋሼ ታደሰ ያሉት ደግሞ እውነት ነው፣ አሊ ላይ አንዱ ሄዶ ሌላው ቀረ። ስለዚህ ለሁሉም የሚሆን አንድ መልስ አልሰጥህም።

---

ጋሽ ታደሰ ካዛንቺስ

ማርሲያኖንም ጨምሩ። በ1956 ሳይሸነፍ 49 ለ0 ሆኖ አቆመ፣ ገና 32 ዓመቱ ነበር። በ1959 እመለሳለሁ ብሎ ልምምድ ጀመረ፣ አንድ ወር ገደማ ሞከረና ተወው። ተጋጣሚ እንኳ አልያዘም። ማንም አላስገደደውም፣ ልምምድ ቤት ውስጥ ራሱን አይቶ ወጣ። እኔ ይህን ከብዙ ቀበቶ እኩል ነው የማየው።

---

ሳምሶን ኮርነር

ልክ ነዎት ጋሼ።

አቤል፣ የሃግለርንና የሊዮናርድን ሙሉ 12 ዙር ድምፁን አጥፍተህ እይ። አስተያየት ሰጪዎቹ ለሊዮናርድ ስለሚያደሉ ዓይንህን ይመሩታል። ዙር በዙር ነጥብ ያዝና እዚህ ጻፍልን፣ ለማን እንደሰጠህ አይቼ እንከራከራለን።